አረም ወይስ መኖ? በኦሞ ዳር ስለሚበቅል አንድ ሣር

ስለ ታችኛው የኦሞ ሸለቆ ወሬ በተነሣ ቁጥር በከተማ ሰው አእምሮ የሚመጣው ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ ጥንታዊ አጥንት፣ ሁለተኛው የጎብኚዎች ፎቶግራፍ። በ1959 ዓ.ም. በኪቢሽ አካባቢ የተገኘውና ዕድሜው ከ200 ሺህ ዓመት በላይ መሆኑ የታወቀው የሰው ቅሪተ አካል፣ እንዲሁም ሸለቆው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ መግባቱ በእውነት የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ሸለቆ ዛሬ ቆሞ የሚሄደው ሰው የሚተዳደረው በአጥንት አይደለም፤ በከብትና በማሽላ ነው። ከብቱ የሚኖረው በሣር ነው፤ ማሽላውም ቢሆን በዕፅዋት ሊቃውንት መዝገብ ከሣር ወገን የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በኦሞ ዳር ስለ ሣር መናገር ስለ እንጀራ መናገር ነው ብንል አላጋነንም።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመለከተው የፈለግነው ከብዙዎቹ ሣሮች አንዱን ነው። የሳይንስ ስሙ ኤኪኖክሎዋ ኮሎና ይባላል፤ ፈረንጆች የጫካ ሩዝ ይሉታል፤ እኛም ለአነጋገር እንዲመቸን ይህንኑ ስም እንውሰድ። በየዓመቱ ከዘር በቅሎ፣ አፍርቶ የሚደርቅ ሣር ነው። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች፣ በፎገራ የሩዝ ማሳዎች፣ በጠቅላላው ሙቀትና ውሃ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ይገኛል። የዓለምን ክፉ አረሞች በደረጃ የመዘገቡ ሊቃውንት በአራተኛ ቦታ አስቀምጠውታል። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሣር በካንጋተን ዙሪያ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ለዕፅዋት ተማሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ የሚከተለውን ታግሦ እንዲያነብልን እንለምናለን።

ካንጋተን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በደቡብ ኦሞ ዞን፣ የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጂንካ ወርዶ ወደዚያ የሚደርስ መንገደኛ ከወይና ደጋው አየር ወጥቶ ወደ ቆላው ሐሩር ይገባል፤ ዝናቡ ጥቂት ነው፤ የሚመጣበትም ቀን የማይታመን ነው። የኛንጋቶም ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 25 ሺህ ያህል ነበር። ቋንቋው ከቱርካናና ከቶፖሳ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል፤ ኑሮውም በኦሞና በኪቢሽ ወንዞች መካከል የተዘረጋ ነው። ወንዶቹ ከብቱን ይዘው ወደ ግጦሽ ሲሄዱ የእርሻው ሥራ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ይቀራል። ይህን ነገር አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በኦሞ ዳር ሲታረስ የኖረው በሬ ተጠምዶ ሳይሆን ወንዙ ተጠብቆ ነው። በደጋው ክረምት ሲበረታ ኦሞ በነሐሴና በመስከረም ሞልቶ ከአፉ ይወጣል፤ ውሃው ሲሸሽ በተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል፤ በታኅሣሥና በጥር ይሰበሰባል። ጎርፉ ደመወዝ የማይከፈለው ገበሬ ነበር ማለት ይቻላል፤ አፈሩን ያድሳል፣ እርጥበቱን ያስቀምጣል፣ ውሃው ከቆመበት ቦታ ላይ የነበረውን ብዙ አረም ያሰጥማል፣ ደለሉም ወፍራም ሆኖ በተኛበት ቦታ የአረሙን ዘር ይቀብራል። የጎርፉ ማሳ ከአረም ነጻ ነበር ማለታችን ግን አይደለም። እንዲህ ያለ እርሻ የትም የለም።

በ2007 ዓ.ም. የግልገል ግቤ ሦስተኛው ግድብ ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 243 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ ለአገሪቱ የሰጠው መብራት የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ግድብ ውሃን ሲያመጣጥን ጎርፍንም አብሮ ያመጣጥናል። በግድቡ ጥናት ላይ ለወንዝ ዳር ነዋሪዎች በየዓመቱ ለ10 ቀን ያህል ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ተጽፎ ነበር፤ የጎርፉ እርሻ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ወንዙና የቱርካና ሐይቅ ሞልተው በዳሰነች ወረዳ ብዙ ሺህ ሰው ባፈናቀሉባቸው የቅርብ ዓመታትም ቢሆን፣ ውሃው ለዘሪ የሚመች ሆኖ አልመጣም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ቀርቶ በደቡብ ቆላዎች ብዙ ከብት አለቀ። እንግዲህ ተስፋው የተጣለው ውሃን ከወንዙ በሞተር እየሳቡ በቦይ በማጠጣት ላይ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የቆላ መስኖ ስንዴ ዕቅድም የኦሞን ተፋሰስ ከአዋሽና ከዋቢ ሸበሌ ጋር ቆጥሮታል። ከካንጋተን በላይ ባለው የወንዙ ክፍልም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የኦሞ ኩራዝ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተከፍቷል።

እነሆ፣ ሣራችን የሚገባው በዚህ በር ነው።

የጫካ ሩዝ ዘር ከጤፍ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከአፈሩ ፊት ላይ የተኛው ዘር በብዛት ይበቅላል፤ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ የተቀበረው ግን ከነጭራሹ አይወጣም። በመስኖ የሚጠጣ ማሳ ፊቱ በየጥቂት ቀኑ ይርሳል፣ ፀሐዩ አይጠፋም፣ አፈሩም ይሞቃል። ዝናብ የሚጠብቅ ሣር በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ቢበቅል፣ የመስኖው ሣር ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ይበቅላል። ከበቀለም በኋላ ጊዜ አያባክንም፤ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ውስጥ አብቦ ወደ ማፍራት ይደርሳል፤ አንዲቷ ሥር በሺህ የሚቆጠር ዘር ታራግፋለች። ያ ዘር በቦዩ ውሃ ተንሳፎ ወደ ጎረቤት ማሳ ይወርዳል። የማሽላው ባለቤት ገና ዘለላ ሳያይ ሣሩ ሁለተኛ ትውልዱን ጀምሯል ማለት ነው።

ሣሩን ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው የሚል ሰው በቡቃያነቱ አላየውም። በዚህ ነገር እኛም የራሳችን ታሪክ አለን። በልጅነታችን በደጋ አገር ከገብስ ማሳ ሲናር እንድንነቅል ተልከን፣ ግማሽ ቀን በትጋት ስንነቅል ቆይተን፣ አጎታችን መጥተው የነቀልነውን ክምር ቢያገላብጡት ከእኩሌታው የሚበልጠው ገብስ ሆኖ ተገኘ። የደረሰብንን ቁጣ እዚህ ላይ መጻፍ አያስፈልግም። ኋላ እንዳስተማሩን የገብስ ቅጠል ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ እንደ ሁለት ጣት ግንዱን የሚያቅፍ ጆሮ አለው፤ ሲናር ይህ የለውም። በስንዴና በእንክርዳድ መካከል ያለው መመሳሰልም ለወንጌል ምሳሌ የበቃ ነው፤ የማሳው ባለቤት እስከ መከር ተዉት ያለው፣ በቡቃያነቱ የሚነቅል እጅ ስንዴውን ጭምር እንዳይነቅል ፈርቶ ነው።

የማሽላና የጫካ ሩዝ ቡቃያም እንዲሁ ነው። የሚለየው ምልክት ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ስፍራ ይገኛል። ቅጠሉን በጣት ወደ ኋላ መለስ አድርጎ ቢመለከቱት በማሽላ ላይ አነስተኛ ስስ ሽፋን ቆሞ ይታያል፤ በጫካ ሩዝ ላይ ግን ምንም የለም፤ ስፍራው ልሙጥ ነው። ከሩዝም የሚለየው በዚሁ ነው፤ ሩዝ ረጅም ሽፋን አለውና። ዓይኑ ያልሠለጠነ ሰው ደግሞ ቡቃያዋን ቀስ አድርጎ ከነሥሯ ቢነቅላት፣ ማሽላ ከሆነች የተዘራችበት ትልቅ ፍሬ ከሥሯ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘዋል። ሣሩ ካደገ በኋላ መለየቱ አያስቸግርም። ቅጠሉ ልስልስና ጠፍጣፋ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሰንበር በአግድም ይታይበታል፤ የግንዱ ሥርም ብዙ ጊዜ ይቀላል። ዘለላው አጫጭር ቅርንጫፎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ፍሬዎቹ በአራት ረድፍ ተስተካክለው ይሰለፋሉ፤ እንደ ገብስ ያለ ጺም የላቸውም። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሌላው የኤኪኖክሎዋ ዓይነት ብዙ ጊዜ ጺም ስላለው በዚህ ይለያል።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። ማሽላ በመጀመሪያው ወር እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ ሣሩ ግን ይሮጣል። ቡቃያው ከወጣ በኋላ ባሉት አምስት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ያልታረመ ማሳ፣ ከዚያ በኋላ ቢታረምም የጠፋውን ምርት አይመልስም። ታዲያ አንድ ወጣት ባለሙያ ይህን አይቶ፣ በትምህርት ቤት እንደተማረው፣ መድኃኒት ይረጭ ብሎ ቢያዝ ምን ይሆናል? በአገራችን ከሁሉ በላይ የተለመደው የአረም መድኃኒት ቱ ፎር ዲ ነው። ይህ መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ይገድላል፤ ሣርን ግን አይነካም። በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ ቱ ፎር ዲ ከዓመት ዓመት በተረጨ ቁጥር ሰፋፊ ቅጠሎቹ ጠፉ፣ ቦታውን ግን ሲናርና ሙጃ ወረሱት። አንዱን ጠላት አጥፍቶ ለሌላው ቤት ማዘጋጀት ሆነ። ሣርን የሚገድል መድኃኒት ይፈለግ ቢባል ደግሞ ማሽላው ራሱ ሣር ስለሆነ ከጠላቱ ጋር አብሮ ይሞታል። ሁሉን የሚገድለው ግላይፎሴት ከመዝራት በፊት ሊረጭ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በአውስትራሊያ እርሻዎች ይህንኑ መድኃኒት ያለ ዕረፍት ሲረጩ ከቆዩ በኋላ መድኃኒቱ የማይገድለው የጫካ ሩዝ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ታየ። በካንጋተን ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ የማሳው ውሃ የሚመጣበት ወንዝ ሰውም ከብትም የሚጠጣበት ወንዝ ነው። በበርሜል የመጣ መድኃኒት መጀመሪያ ማን እጅ እንደሚገባ፣ ባዶው ዕቃ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የቆላን አገር የሚያውቅ ሁሉ ይገምታል።

ይህን ሁሉ ስንል አንባቢ ሣሩን እንደ ክፉ ጠላት ብቻ እንድናይለት ጠብቆ ይሆናል። ነገሩ ግን ወዲያው ይገለበጣል። የጫካ ሩዝ ለከብት ከሚወደዱ ሣሮች አንዱ ነው። ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ከማበቡ በፊት ቢታጨድ የሚመግብ ነው፤ ሲደርቅም ድርቆሽ ይሆናል። ከብት በማይመለስ ድርቅ ባለቀበት አገር፣ በወር ተኩል ውስጥ የሚደርስ መኖ ከማሳ ላይ እየተነቀለ በቦዩ ዳር ሲበሰብስ ማየት፣ በእኛ አስተያየት፣ ከሁሉ የሚያሳዝን ብክነት ነው።

አረም የሚባለው ነገር እኮ በተፈጥሮ የተጻፈ ስም አይደለም። ጤፋችን ራሱ የዓመት ሣር ነው፤ የቅርብ ዘመዱ የሆነው የበረሃ ሣር ዛሬም በየመንገዱ ዳርና በየማሳው እንደ አረም ይበቅላል፤ የጤፍም አባት እርሱ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲጎበኝ በደጋው ማሳ ከገብስና ከአጃ ስንዴ መካከል የሚበቅሉትን የሲናር ዓይነቶች በጥብቅ ተመልክቷል፤ አንዳንድ ሰብሎች መጀመሪያ አረም ሆነው ከሌላ ሰብል ጋር ሲታጨዱ ኖረው ኋላ ራሳቸው ሰብል ሆኑ የሚለው ትምህርቱም የታወቀ ነው። የእኛ ገበሬ ደግሞ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ፍሬው የማይረግፈውን የሲናር ዓይነት ከገብሱ ጋር አጭዶ፣ አብሮ ወቅቶ፣ ለእንጀራም ለጠላም ሲያውለው ኖሯል። የጫካ ሩዝም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በሕንድ አገር ከእርሱ ወገን የወጣ ሣር ዛሬም እህል ሆኖ ይዘራል። ከቻድ እስከ ሱዳን ባለው ደረቅ አገር ሴቶች በክፉ ዘመን ቅርጫት እያወዛወዙ ከሜዳ የሚለቅሙት ክረብ የተባለው የዱር እህል ውስጥም ይኸው ሣር ይገኛል።

እንግዲያውስ ይዘራ የሚል ሰው ሊነሣ ነው። በዚህ ላይ አስተያየታችን ቁርጥ ያለ ነው፤ ማሽላ ባለበት ማሳ አጠገብ የጫካ ሩዝ ሆን ብሎ መዝራት ሞኝነት ነው። የአዋሽን ሸለቆ እንመልከት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ሲከፈቱ አፋሮች በደረቁ ወራት ከብት ያሰማሩበት የነበረውን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጡ። ኋላ ደግሞ አሸዋውን ይገታል፣ ጥላም ይሰጣል ተብሎ በበጎ አሳብ የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾኻም ዛፍ የቀረውን ግጦሽ ዋጠው። ይኸው ዛፍ ዛሬ በዳሰነች በኩል በደቡብ ኦሞም ገብቷል። ሣር እንደ ዛፍ አይከፋም፤ ነገር ግን አንድን ተክል ለጥቅሙ ብቻ አይቶ ማስገባት ምን እንደሚያመጣ ከአዋሽ በላይ የሚያስረዳ የለም። በተጨማሪም ግሪሳ የተባለው ወፍ አለ። ግሪሳ የሚኖረው በዋናው በእንደዚህ ያሉ የዓመት ሣሮች ዘር ነው፤ የሜዳው ዘር ሲያልቅበት ወደ ማሽላ ይዞራል፤ በደቡብ ኦሞም የግሪሳ መንጋ እንግዳ አይደለም። በማሳ ዳር ዘሩን እንዲጥል የተተወ ሣር ወፉን ገበታው ድረስ መጥራት ይሆናል።

ስለዚህ መፍትሔው ከመግደልና ከመዝራት መካከል ነው፤ ከሁለቱም ይልቅ ትጋት ይጠይቃል። ሣሩ ራሱ በቅሏል፤ የሚቀረው ዘር ሳይጥል መውሰድ ነው። የመጀመሪያው አረም ቡቃያው ከወጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት፣ ሁለተኛው በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ቢታረም ሣሩ ገና አላበበም፤ ስለዚህ ሁለተኛው አረም የሚያወጣው ሣር ለከብት የሚሆን ንጹሕ መኖ ነው። ከአፈሩ ተራግፎ፣ በጥላ ጠውልጎ፣ ለጥጆችና ለሚታለቡ ላሞች ቢሰጥ፣ የሚተርፈውም በድርቆሽ መልክ ቢቀመጥ፣ ማረም የእህል ሥራ ብቻ ሳይሆን የወተትም ሥራ ይሆናል። አንዴ ፍሬው ከጠነከረ ግን ለከብት መስጠቱም ይከፋል፤ ከዘሩ የተወሰነው በከብቱ ሆድ ሳይሞት አልፎ በእበት በኩል ወደ ማሳው ይመለሳልና።

በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ሣሩ ታጭዶ ወደ ከብቱ ይሄዳል እንጂ ከብቱ ወደ ማሳው አይገባም። ለጋ ማሽላ፣ ይልቁንም በድርቅ የጠወለገ ወይም ከተቆረጠ በኋላ ያቆጠቆጠ እንደ ሆነ፣ ከብትን በቅጽበት የሚገድል ሲያናይድ የተባለ መርዝ ይይዛል፤ ይህንን የቆላ እረኛ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ማዳበሪያ በዛ ብሎ በተሰጠበትና ውሃ ባጠረው ማሳ የበቀለ ሣር ራሱ ናይትሬት ያጠራቅማል፤ እንዲህ ያለውን ሣር ለተራበ ከብት ብቻውን አጥግቦ ከመስጠት ከሌላ መኖ ጋር ቀላቅሎ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል።

ከዚህ በቀር ማሳውን የሚያዘጋጅ ሰው የሣሩን ጠባይ አውቆ ሊገዛው ይችላል። ከመዝራት በፊት ማሳውን አንድ ጊዜ አጠጥቶ ሣሩ በሙሉ እንዲበቅል መተው፣ ከዚያም በቀላሉ ኮትኩቶ ገልብጦ መዝራት፣ በአንድ ቀን ሥራ ብዙ ቀን ማረምን ያስቀራል። የማሽላውን አገዳ በመደዳዎቹ መካከል ማንጠፍም ብርሃኑን ስለሚከለክል ዘሩ እንዳይነሣ ያደርጋል፤ ነገር ግን አገዳው ለከብት በሚፈለግበት አገር ይህ ምክር ከወረቀት እንደማያልፍ እናውቃለን። የቦዩን ዳር ግን ያለ ምክንያት የሚተወው የለም። ቦይ የማንም ማሳ ስላይደለ የሚያርመው ሰው አይገኝም፤ ሣሩም ዘሩን የሚያራግፈው እዚያ ነው፤ ውሃው ደግሞ ያደለውን ዘር ለሁሉም እኩል ያካፍላል። የቦዩ ዳር ሣር በማጭድ እየታጨደ ለመኖ የሚውልበትን ተራ የውሃ ተጠቃሚዎቹ በመካከላቸው ቢያወጡ፣ ከብዙ በርሜል መድኃኒት የበለጠ ይሠራል ብለን እናምናለን።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? መጀመሪያ ያነሣነውን አሁን እንመልሰው። ማሳውን የሚያርሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ከብቱን የሚመሩት ወንዶች ናቸው። ሣሩ ለማሳው ባለቤት ሸክም፣ ለከብቱ ባለቤት ጥቅም ከሆነ፣ ማረም ያደከማት ሴት መኖውን ወደ በረት እንድትሸከም ተጨማሪ ሥራ እንሰጣታለን ማለት ነው። በኛንጋቶም ቤት ላሚቷን የምታልበው፣ ወተቱን የምትከፋፍለው ሴቲቱ ናት፤ ስለዚህ ነገሩ ከወተቱ በኩል ቢጀመር ይቀላል። የታረመው ሣር ወደ ሩቅ የከብት ሰፈር ሳይሆን በመንደር ለሚቀሩት ጥቂት የሚታለቡ ላሞችና ፍየሎች ቢውል፣ ድካሟም ጥቅሟም በአንድ ቤት ይቀራል። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ትክክል መሆኑን የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ ወደ ካንጋተን የሚመደብ ወጣት ባለሙያ ማኑዋሉን ከመክፈቱ በፊት እነርሱን ቢጠይቅ ይሻለዋል። የጂንካ ግብርና ምርምር ማዕከልም፣ የጂንካ ዩኒቨርሲቲም አሉ፤ ከሣሩ የትኛው በየትኛው ሳምንት ቢታጨድ ለወተት እንደሚበጅ ለማወቅ ሚዛንና ማስታወሻ ደብተር ይበቃል።

ነገሩን ትንሽ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ ደግሞ ከካንጋተን በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ ያለውን ሜዳ ያስብ። የኢለሚ ሦስት ማዕዘን የተባለው፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ደቡብ ሱዳን የሚዋሰኑበት የግጦሽ አገር፣ ኛንጋቶሞችና ቱርካናዎች ለብዙ ዘመን ደም የተቃቡበት፣ ደግሞም የታረቁበት ቦታ ነው። በበጋ ከብቱ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ የሚሄደውም በወንዙ ዳር የሚበላ ስለሚያጣ ነው። በኦሞ ዳር የሚገኝ ጥቂት ድርቆሽ ያን ሁሉ ከብት አያቆመውም፤ ይህን ያህል ተስፋ አንሰጥም። ነገር ግን ወተት የሚሰጡትን ላሞችና ጥጆች ለሁለት ሳምንት ያህል እንኳ በመንደር ቢያቆይ፣ ሕፃናት ወተት ያገኛሉ፤ ከብቱን ተከትለው ወደ ጠረፍ የሚወርዱት ወጣቶችም ያን ያህል ቀን ይዘገያሉ።

ለጊዜው ከወረዳው ሹማምንት የምንጠይቀው አንድ ቀላል ነገር ነው። ስብሰባ፣ ሥልጠናና የእንግዳ አቀባበል ሲመጣ ሴቶቹ ከማሳ ይጠራሉ፤ ቀኑም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በጽሕፈት ቤቱ አመቺነት ነው። ማሽላው ከበቀለ ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ በካንጋተን ለማንም ሴት የስብሰባ ጥሪ ባይላክ መልካም ነው።